«ታነሽኝና የት ታስቀምጭኛለሽ?»

ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ረጅሙን ዙም ሌንስ ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ። እሱ ካለ እንደለመድኩት ከሩቅ እሰርቃለሁ። ዛሬ የያዝኩት አንድ አጭር ሌንስ ብቻ ነው፤ ሰው ፊት ካልቆምኩ ፎቶ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፎቶ ቤቴ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖሬያለሁ። «ቀና በይ፣ አትሳቂ፣ ቀጣይ!» ሰልችቶኛል። ፈቅዶ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ አንድ ሰው ሳላነሳ አልመለስም ብዬ ምያለሁ።

የይጁቤው ሚኒባስ ሾፌር ካሜራዬን አየና «ጋዜጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ፎቶ አንሺ ነኝ።»

«እንግዲያው ኋላ ግቢ። ጋቢናውን ለጋዜጠኛ ነበር የምለቀው!»

ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተጣብቄ እያስነጠስኩ ሄድኩ።

3 ሰዓት፣ ይጁቤ ገበያ

ሌሊቱን ዘንቦ ገበያው ጭቃ ሆኗል። ጤፍ፣ ሽንብራ፣ የላስቲክ ጫማ፣ በግ። ቅቤ ሻጯን ላንሳዎት ብላት በነጠላዋ ተሸፈነች። አንዱ ጎረምሳ «ፌስቡክ ላይ ልትለጥፊን ነው!» ብሎ አባረረኝ። ሁለት ሰዓት ዞሬ ያነሳሁት የበሬ ቀንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ጃንጥላ ጠጋኙን ሽማግሌ አየሁ። በተዘረጉ ጃንጥላዎች መሃል ተቀምጠው ሽቦ ያቃናሉ፤ በቀዩ ጨርቅ ያለፈው ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፏል። አላስቻለኝም። ካሜራውን ከወገቤ ሳላነሳ ተጫንኩት። ቀጭ!

ቀና አሉ። «አነሳሽኝ?»

«ይቅርታ አባባ፣ ምን አለበት ብዬ ነው።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ!» አሉ እየሳቁ። «ልጄ፣ ታነሽኝና የት ታስቀምጭኛለሽ? ያነሱት ነገር ማስቀመጫ የለውም?»

ፎቶውን እያዩኝ አጠፋሁት። አልሄድኩም ግን፤ መሃላ አለብኝ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሽቦ እያቀበልኩ ብሶቴን አወራሁላቸው። «ማርቆስ የማነሳው ጉርድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ፎቶ አይባልም» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጡ።

«ባለቤቴ ናት። ለመታወቂያ ብላ ማርቆስ የተነሳችው ነው። ካረፈች ሦስት ዓመቷ። ሌላ ፎቶ የላትም። ታዲያ ይህን ምን ልበለው?»

ከትከሻዋ በላይ፣ ሰማያዊው መጋረጃ ላይ፣ በነጭ ክር የሰፋሁት ቀዳዳ ይታያል። መጋረጃዬን አወቅሁት። ሴትዮዋን አላወቅኋትም።

«ያነሳኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ እኔ ተጠጉ። «እውነትሽን ነው? ምን አለችሽ?»

«አላስታውስም፣ አባባ።»

«ሳቂታ ነበረች እኮ። እዚህ ላይ ብቻ ነው ያልሳቀችው።»

አዎ፣ ከንፈሯን ገጥማለች። ሳቋ ሊያመልጣት የደረሰ ይመስላል። ለምን እንዳልሳቀች እኔ አውቃለሁ። ነገርኳቸው። እንባዬ መጣ።

ኮታቸውን ቆለፉ። «በይ አንሽኝ። ከሷ ጎን አስቀምጭኝ።»

ዓይን ዓይኔን እያዩ ሳቁልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ። የሷንም ፎቶ በጥንቃቄ አነሳሁት፤ ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትሜ ለቀጣዩ ገበያ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ።

10 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ ሱቄን ስከፍት አንዲት ተማሪ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ጉርድ ፎቶ፣ ለመታወቂያ። መጋረጃው ፊት ተቀመጠችና ገና ሳልናገር ፊቷን ኮሶ አስመሰለችው።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

«ለጉርድም ስም ይጠየቃል እንዴ? ሰላም እባላለሁ።»

አነሳኋት። ከወንበሩ ብድግ ልትል ስትል እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ፣ ሰላም። ያኛው ለመታወቂያሽ ነው። አሁን ሳቂ፤ ይሄኛው ለቤትሽ ነው።»