የሁዳዴ ዳቦ ቆሎ

ልጄ ሰላም አስከባሪ ሆኖ ደቡብ ሱዳን ከሄደ ወዲህ፣ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «በላህ?» ብዬ ነው። «በላሁ እማዬ» ይላል። የሚልከው ፎቶ ግን ሌላ ይናገራል። ኮሌታው አንገቱ ላይ ሰፍቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። ስልኩን በጣቴ እያሰፋሁ ያንን ፊት ስመረምር እውላለሁ።

እነሱ ካሉበት ካምፕ ፖስታ አይደርስም። ዕቃ የሚላከው ለእረፍት መጥቶ በሚመለስ ሰው እጅ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው መጥቶ ሰሚት ከእህቱ ቤት ማረፉን ስሰማ ደወልኩለት።

«እወስድልዎታለሁ እናቴ» አለኝ። «ብቻ የሚፈስ ነገር እንዳይሆን።»

የማይፈስ፣ በሙቀት የማይበላሽ፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ጥበቃ ላይ የሚበላ ነገር ዳቦ ቆሎ ነው። ዱቄቱን በንጥር ቅቤ አሸሁት፤ በርበሬም ትንሽ ጣል አደረግሁ። ሊጡን በቀጭኑ አድበልብዬ ሽምብራ በሚያህል ልክ ቆራረጥኩና ብረት ምጣድ ላይ አገላበጥኩት። አንዷ ፍሬ እርጥብ ሆና ሌላውን እንዳታሻግት ከየዙሩ እያነሳሁ በጥርሴ ሞከርኩ። አሽጌ፣ ስሙን በትልልቁ ጽፌ ሰጠሁት።

ከዚያ ጉዞው ተራዘመ። ባልደረባው ደውሎ የሚሄደው ሁዳዴ ከገባ በኋላ መሆኑን ሲነግረኝ ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። የኔ ልጅ ጾም አይሽርም። ተማሪ እያለ ታሞ እንኳ ወተት አስጠጡት ብንባል አፉን ገጥሞ አስቸግሮናል። ቅቤ የገባበት ነገር ቢደርሰው እየራበው ለሌሎች አድሎት ባዶ እጁን ሊቀር ነው።

በማግስቱ በዘይት ሌላ ሠራሁና ከጎሮ ታክሲ ይዤ ሰሚት ሄድኩ።

«ያንን መልስልኝ ልጄ፣ ይህን ውሰድ። ያኛው የፍስክ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «እዚያ ማን ይጠይቀናል እናቴ? የተገኘውን ነው የምንበላው።»

«እናንተ ብሉ። የኔ አይበላም።»

ሳቁን አቆመና ወደ መሬት አየ። አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን ከፈት አድርጎ ተወው። «እሺ እናቴ» ብሎ ለወጠልኝ። እኔ የናቀኝ መስሎኝ ቅር እያለኝ ተመለስኩ።

የፍስኩን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ከሆሳዕና ከተማ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ በር ለበር ነን።

«ጾም ሲገባ የእናንተ ቤት ሁሉ ወደኛ ይሰደዳል» አለችኝ እየሳቀች። «ወተቱም፣ እንቁላሉም። አሁን ደግሞ ዳቦ ቆሎው! እማማ፣ ሁዳዴ ለኛ ልጆች በዓል ሆነ እኮ።»

«ብሉ፣ ወፍሩ» አልኳት። ያን ቀን ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ልጄ ሲደውል «ደረሰኝ» አለ።

«በላህ?»

«ቀመስኩት።»

«ቀመስኩት ምንድነው? እንግዳ ነህ?»

«ዘይት ዘይት አለኝ እማ። ቅቤ የለውም እንዴ?»

«ጾም አይደለም እንዴ ልጄ?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል «አለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። አብሮት በአንድ ድንኳን የሚያድር ጓደኛው በወባ ታሞ ነበር። ልጄ እሱ እስኪሻለው ብሎ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ይውል ነበር፤ እየጸለየ።

«ጾምኩለት እማዬ። ሞተ» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ መጾም ትቻለሁ። መብላቱንም አፌ እንቢ አለኝ።»

ወደ አፌ ብዙ ነገር መጣ። ንስሐ አባታችንን ላነሳበት አሰብኩ፤ እግዚአብሔርን አታማር ልለው አሰብኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሐዘን የሚሆን ቃል የትም አልተማርኩም። በዓይኔ የሚመጣው ያ የሰፋ ኮሌታ ብቻ ነበር።

«ቅቤ ያለው ቢሆን ትበላዋለህ?» አልኩት።

«እንጃ። የቤታችን ሽታ ካለው… ምናልባት።»

«እልካለሁ።»

«በሁዳዴ? አንቺ?»

«እልካለሁ አልኩህ!»

ሳቀ መሰለኝ። ያለቀሰም ይሆናል፤ በስልክ አይለይም።

ወደ ካምፑ የሚመለስ ሌላ ባልደረባ መኖሩን ልጄ ነግሮኝ ስለነበር ጊዜ አላጠፋሁም። ጎሮ ገበያ ወርጄ ቅቤ ጠየቅሁ። ነጋዴው ነጠላዬን አየና፣ «ለፀጉር ነው እማማ?» አለኝ።

«ለልጅ» አልኩት።

መስኮቶቹን ዘግቼ አነጠርኩት። ሽታው ግን በበሩ ስር ሾልኮ ደረጃውን ሞላው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው አስጨነቀኝ። ከሰውም በላይ የፈራሁት አለ፤ «አንተ ታውቃለህ» እያልኩ ዱቄቱን በቅቤው አሸሁት። የመጀመሪያው ዙር ከምጣድ ሲወጣ እንደ ልማዴ አንዷን ፍሬ አንስቼ ወደ አፌ ወሰድኩና ከንፈሬ ጋ ሳደርስ መለስኳት። እኔ ጾመኛ ነኝ። ሳልቀምስ የላክሁት ምግብ ደግሞ የለም።

ጎረቤቴን አንኳኳሁባት። ልጄ ያለኝን ቆሜ ነገርኳት። እንደ ወትሮዋ ትቀልዳለች ብዬ ነበር፤ አልቀለደችም። ተከትላኝ ገባች፤ ጥቂት ፍሬ ከሳህኑ ዘግና ዓይኗን ጨፍና አኘከች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

የቀረውን ሊጥ ዘርግቼ ጨው በጥብጬ ጨመርኩበት፤ እንደገና አሸሁት። ጥቂት አብስዬ ሰጠኋት። አሁንም ቀስ ብላ አኘከች።

«አሁን ደህና ነው እማማ» አለችና፣ ቢላዋ አንስታ አጠገቤ ተቀምጣ መቁረጥ ጀመረች።