የእናቴ የክርስትና ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን፣ ወጣት ባልና ሚስት፣ ማንጎ በፌስታል አንጠልጥለው ቤታችን መጡ። ሴት ልጅ ወልደዋል። ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ስለሆነ ባለቤቴ ክርስትና እንድታነሳላቸው ሊጠይቁ ነው የመጡት። ባለቤቴ ፊቷ በርቶ ገና "እሺ" ሳትል እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ፣ "ቆይ፣ ቆይ! እኛ እኮ ወንድ ልጅ አለን" አልኩ።

ሳቁ። የመጨረሻው ልጃችን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሕፃኗ ገና አንገቷን አላጠናችም። ወጣቱ አባት "ጋሼ፣ ከአሁኑ ሊድሯቸው ነው እንዴ?" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም የቀለድኩ መስዬ አብሬ ሳቅኩ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም፤ አየት አድርጋኝ ማንጎውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱ ጠበበኝ። ጫማዬን አድርጌ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ነገር ሲከብደኝ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ተነስቼ መሄድ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ነው። አባቴ ከመንዝ፣ እናቴ ከወሎ፣ የቀኝ ጎረቤታችን ከአሰላ፣ የግራው ከሐረር የመጡ ነበሩ። ሁሉም ዘመዱን ጥሎ ደመወዝ ተከትሎ የመጣ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ ዘመድ ይሠራል። የእኛ እናቶች ዘመድ የሚሠሩት በጥምቀት ውሃ ነበር። አንዷ የሌላዋን ልጅ ክርስትና ታነሳለች፣ ያቺም የሦስተኛዋን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መንደሩ በሙሉ አበልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። በዓመት በዓል አንዱ ሌላውን ሳይጠራ ዳቦ አይቆርስም ነበር። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ማንም ያላሰበበት፣ እኛ ልጆች አንድ ቀን ማደጋችን እንደማይቀር ነው።

ክርስትና ያነሳ ሰው ለልጁ ወላጁ ነው፤ የራሱ ልጆችም ለዚያ ልጅ ወንድምና እህት ይሆናሉ። ወንድምና እህት አይጋቡም። እንግዲህ ሌላው አገር ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጥራል። እኛ ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ብንቆጥር የማንገናኝ ልጆች በአንድ ጠዋት ውሃ ተዛምደን ነበር።

ትርሲት የእናቴ የክርስትና ልጅ ናት። ወላጅ እናቷ እትዬ ሙሉ፣ ትርሲት ገና ትንሽ ሳለች፣ ሞተችባት። አባቷ ፈረቃ ስለሚገባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትበላው እኛ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጉሯን የምትሠራት እናቴ ናት። እናቴን "እማ" ትላታለች። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ ያኔ ግን ትርሲትን እንደ እህትም እንደ ምንም አልቆጥራትም ነበር። ስታለቅስ አፍንጫዋ የሚቀላ አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች፣ በቃ።

ከዚያ እኔ ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሄጄ ቆየሁ። አስተማሪ ሆኜ በመስከረም ስመለስ ክረምቱ ወጥቶ፣ የዘንባባዎቹ ቅጠል ታጥቦ፣ ሐይቁ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ሞልቶ ነበር። አንዲት ልጅ ነጠላዋ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ በወገቧ ጠምጥማ በብስክሌት ስታልፍ ደወል ደወለችብኝ። መንገድ ልልቀቅ ብዬ ዞር ስል፣ "አላወቅከኝም እንዴ?" ብላ ሳቀች። ትርሲት ናት። ወደድኳት። ሌላ ቃል የለኝም፤ እዚያው አስፋልቱ ላይ ወደድኳት። እሷም ወደደችኝ። ያን ጥቅምት የደንገል ታንኳ ከሚያርፍበት ዳር ቁጭ ብለን ሸንኮራ እየመጠጥን ስንት ነገር አወራን! ብቻ ስለ አንዱ ነገር አናነሳም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

በኅዳር ትዕግሥቴ አለቀ። የነፍስ አባታችን መምሬ አላምረው ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። "ልጄ፣ በሥጋ ካልሆነ በመንፈስ እህትህ ናት። የመንፈሱ ደግሞ ይበልጣል" አሉኝ። እኔ ግን አንድ ቄስ ብቻ ጠይቄ የምቀመጥ ሰው አልነበርኩም። በብስክሌት ከደብር ወደ ደብር ዞርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ። ሰባታሚት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ካህን ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠውኝ፣ "ከእኔ በፊት ስንቱን ጠይቀሃል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "አየህ፣ ጥያቄህን አልቀየርክም፤ የምትቀያይረው ካህኑን ነው" ብለው ውሃ አስጠጥተው ሸኙኝ። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

በማዘጋጃ ቤት እንጋባ ብዬ ትርሲትን ብለምናት አሻፈረኝ አለች። "እማ የሌለችበት ሠርግ ምን ይባላል?" ነው መልሷ።

በመጨረሻ ለእናቴ ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ ያላወቀች መስሎኝ ነበር፤ እናት የማታውቀው ነገር ያለ ይመስል። በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ፣ "ምነው ያን ዕለት እግሬን በሰበረው!" አለች። ከዚያ ስታለቅስ ስታለቅስ ቆይታ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወጣችልኝ። ክርስትና እንድታነሳ የተጠራችው ለካ እሷ አልነበረችም። የተጠራችው መፍተያ ክፍል የምትሠራ ይመኙሻል የምትባል የእትዬ ሙሉ ወዳጅ ነበረች። ያን ሌሊት ይመኙሻል ፈረቃ ገብታ ሳትደርስ ቀረች። ቄሱ አልጠብቅም አሉ። ጥላ ይዛ ልትሸኝ ብቻ የሄደችው እናቴ፣ "አንቺ ያዣት" ተብላ ያዘቻት።

ያን ስሰማ ልቤ ተሰቀለ። ምናልባት ይመኙሻል በኋላ ደርሳ ይሆናል፤ ከውሃው ያወጣቻት እሷ ትሆናለች፤ ማዕተቡን ያሰረችላት እሷ ትሆናለች! እናቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ተው ልጄ፣ ያነሳኋት እኔ ነኝ" ብትለኝም አልሰማኋትም። እማማ ይመኙሻል ጡረታ ወጥተው ትውልድ ቀያቸው ሐሙሲት እንደሚኖሩ አጠያይቄ አገኘሁ። ትርሲትን "ለመስማት ብቻ" ብዬ ለምኜ፣ ከትምህርት ቤትም ፈቃድ ወስጄ፣ ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾመ ነቢያት ነው። ገና ሐሙሲት ሳንደርስ አውቶቡሱ ሲቆም ሻጮች የሽምብራ እሸት በየመስኮቱ አቀበሉን። ትርሲት ገዝታ ጾም እስክትፈታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። እኔ መች እጠብቃለሁ! የእኔን እዚያው እየፈለፈልኩ ጨረስኩት። የሽምብራ እሸት ጣት ላይ የሚተወው ኮምጠጥ ያለ ጨው አለ።

እማማ ይመኙሻል ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ፣ ደጁ የተጠረገ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀበሉን። ማን እንደሆንን ስንነግራቸው ትርሲትን ጉንጯን ይዘው እየሳሙ፣ "የሙሉዬ ልጅ! የሙሉዬ ልጅ!" እያሉ አልቅሰው አስለቀሷት። ሰዓቱ ሲደርስ የተልባ ፍትፍት አቀረቡልን። እኔ ሳልጎርስ ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ ትርሲትን ክርስትና ያነሳት ማነው? እርስዎ አይደሉም?"

"ኧረ የኔ ልጅ፣ እኔማ መች ታድዬ! ተረካቢዬ ቀረች፤ ማሽኑን እንዴት ጥየው ልሂድ? ኋላ የጥጡን ብናኝ ከራሴ ሳላራግፍ ሮጥሁ፣ ሮጥሁ። ከቤተ ስኪያኑ ስደርስ እናትህ ታቅፋታለች። ውሃው ገና ከጠጉሯ ይንጠባጠባል።"

"ማዕተቡስ?"

"ታስሯል። እናትህ ናት ያሰረችላት።"

እጄን ከትሪው ላይ አነሳሁ። እማማ ይመኙሻል አንዴ እኔን አንዴ ትርሲትን አዩ። ትርሲት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ለእሳቸው ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

"ወይ ጉድ! ትዋደዳላችሁ እንዴ?" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስሙኝማ። ቄሱ አርፈዋል፤ ሙሉዬም ነፍሷን ይማርና የለችም፤ አባትየውም ያን ዕለት ፈረቃ ላይ ነበር። ያን ዕለት ከነበርነው የቀረነው እኔና እናትህ ነን። እኔ ነኝ ያነሳኋት ብል ማን ያስተባብለኛል? እናትህም ለልጇ ስትል ዝም ትላለች። ኃጢአቱን ለኔ ተዉት፣ ንስሐ እገባበታለሁ። እኔ ያን ዕለት ባልዘገይ ይህ ሁሉ መች ይመጣ ነበር?" አሉ።

ተንደርድሬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በዚያች ቅጽበት ሠርጉ ታየኝ፤ የጥር ድንኳን፣ ጭፈራው፣ ሁሉም። ትርሲት ግን ከመቀመጫዋ አልተንቀሳቀሰችም።

"እማ ዝም የምትል ይመስልሃል?" አለችኝ።

"ምን ነካሽ? ራሷ ናት እኮ 'ምነው ያን ዕለት እግሬን በሰበረው' ያለችኝ!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ትርሲት ፊቷ ተለወጠ። "እንደዚያ አለች?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ የምሥራች የነገርኳት መስሎኝ። ፍትፍቱን አልጨረሰችም።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። የትኛውን ቤት እንደምንከራይ፣ ለመምሬ አላምረው መቼ እንደምንነግራቸው፣ ማንን ሽማግሌ እንደምልክ ለፈለፍኩ። እሷ በመስኮት ሜዳውን ታያለች። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ስንወርድ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ "ቆይ፣ እኔ ልንገራት" እላለሁ።

እናቴ ደጅ ላይ ምስር ትለቅማለች። ትርሲት ፊት ለፊቷ ቆመች።

"እማ፣ እኔን ክርስትና በማንሳትሽ ተጸጽተሻል እንዴ?"

እናቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠች። "ምን ላድርግ ልጄ፣ እሱ እንዲህ ሲንቀዠቀዥ፣ አንቺም ስትከሺ እያየሁ እንቅልፍ የለኝም። ከዚህ በኋላ ያላችሁኝን እሆናለሁ። ዝም በይ ካላችሁኝ ዝም እላለሁ። አላነሳኋትም በይ ካላችሁኝም... እላለሁ።"

ትርሲት ተንበርክካ መዳፏን እናቴ አፍ ላይ አደረገች።

"እንዳትይው። አንቺ አላነሳኋትም ካልሽ እኔ የማን ነኝ?"

"የኔ ነሽ" ልላት ፈለግኩ። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ምስሩን ደፍተውት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ እኔ እዚያው ደጅ ላይ ቆሜአለሁ፤ ብናገር እንኳ የሚሰማኝ አልነበረም።

በነጋታው ሐይቁ ዳር ተገናኘን። "አንተ ሌላ ሴት ታገኛለህ። እኔ ሌላ እናት አላገኝም" አለችኝ። ተቆጣሁ። ከእናቴ ጋር ተወዳድሬ መሸነፌ አንገበገበኝ። እኔን መተው እንዴት ቀላል እንደሆነላት፣ እንደማትወደኝ፣ ሌላም ሌላም ተናገርኩ። አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር።

ትርሲት ደብረ ታቦር ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ኋላም እዚያው አገባች። እናቴ በሠርጓ እንደ እናት ተቀምጣ መርቃ ዳረቻት። እኔ አልሄድኩም። ዝውውር እየጠየቅኩ ቻግኒ፣ ቡሬ፣ መተማ ዞርኩ። የትም ስገባ መጀመሪያ የማጣራው አውቶቡስ የሚነሳበትን ሰዓት ነበር። በመጨረሻ ባሕር ዳር ተመልሼ ዘግይቼ አገባሁ፤ ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ ከሌላ ሳትሰማ እኔው ነገርኳት። ከትርሲት ጋር በዓመት በዓል እናቴ ቤት ስንገናኝ እንደ ሰው ሰላም እንባባላለን። አንድ ሰው ግን "እህትህ እንዴት ናት?" ብሎ ከጠየቀኝ ሳልመልስለት እነሳለሁ።

እናቴ ካቻምና ሞተች። የዕድራችን ጸሐፊ የሕይወት ታሪኳን ለቀብሩ ሊጽፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የትውልድ ቦታዋን፣ የሠራችበትን ዘመን ነገርኩት። "ልጅስ? አንተን ብቻ አይደል የወለዱት?" አለኝ።

"ሁለት ልጆች አሏት። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት" አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እንዳልኩት ጻፈ። ደጀ ሰላሙ ላይ ሲነበብ ትርሲት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። "የሁለት ልጆች እናት" የሚለው ሲደርስ ለቅሶዋን አቋርጣ ፈለገችኝ። ስታገኘኝ ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች። ቁጭ ብዬ ላናግራት ስለማልችል ግቢውን እየዞርኩ ነው የማወራት። ስልኬ ላይ ስሟ ሲበራ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል፤ የወንድም ልብ እንደዚያ አይደነግጥም። ካነሳሁት በኋላ ግን "ትናንት እማ በሕልሜ መጣች" ትለኛለች። ያቺን ሴት "እማ" ብሎ የሚጠራት ሰው በዚህ ምድር ላይ ከእኛ ከሁለታችን ሌላ የለም። ምን ለብሳ ነበር እላታለሁ፤ ምን አለችሽ፣ ስለ እኔስ ጠየቀችሽ ወይ እላታለሁ። እሷ እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን አልዘጋውም።