ሦስታችንም የተስማማንበት ስፍራ

ዛሬ ኅዳር ፲፬ ቀን ነው፤ እኔም ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖኛል። ይህን የምጽፈው ደብረ ታቦር፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው።

የታላቅ እህቴ የእትዬ የሺ ልጅ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው። የጦር ቡድን አባላት ያሉበትን ሁኔታ ምን ያህል በአንድ ዐይን እንደሚያዩ ስለሚለካበት ዘዴ ጥናት ጽፎ፣ «ጋሼ፣ አማርኛውን ይመልከቱልኝ» ብሎ ሰጠኝ። በዘዴው መሠረት ልምምዱ በድንገት ይቆምና እያንዳንዱ ወታደር ለብቻው ይጠየቃል፦ ጓድህ የት ነው? ጠላትስ? መልሶቹ ከገጠሙ ቡድኑ አብሮ ያያል ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ የሺን፣ ባለቤቴንና እኔን በመኪናው ይዞን ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደ። ሴቶቹ በተራቸው፣ እኛም በተራችን ታጥበን ለመመለስ ስንሰባሰብ እትዬ የሺ የለችም። ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል።

ሻለቃው አልደነገጠም። እኔንና ባለቤቴን ለየብቻ ወስዶ «እማዬ የት ናት?» ሲል ጠየቀን። ነፋስ እንደምትፈራ ስለማውቅ «መኪና ውስጥ» አልኩት። ባለቤቴም ያንኑ ብላው ኖሯል።

«እኔም የገመትኩት እዚያው ነው። አዩልኝ ጋሼ? ሙሉ ነጥብ» አለ ፈገግ ብሎ።

መኪናው ባዶ ነበር።

ወንዙ ቅርብ ነው... ሻለቃው ወደዚያ ሮጠ። ባለቤቴ እመቤቴን እየተማጸነች ተከተለችው። እኔ ወደ ታጣቢዎቹ ማረፊያ ሄድኩ። ከውሃው የወጡት ነፋስ እንዳይመታቸው ከራስ እስከ እግር በጋቢ ተከናንበው ተጋድመዋል። ስሟን እየጠራሁ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ አንዱ ጋቢ ተናገረ።

«ምነው ትጮሃለህ? ሰው ይተኛበት እንጂ።»

«እትዬ... ስጠራሽ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ላቤ ሳይደርቅ ልገለጥና ነፋስ ይግደለኝ?»

«አቤት ማለትስ ያቅታል?»

«አፍ ሲከፈት ነፋስ አይገባም?»

ሻለቃው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ መጣ። «አንተን ደግሞ ምን ውሃ ውስጥ ከተተህ?» አለችው፣ በጋቢው ክፍተት አጮልቃ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ የጋቢዋን ጫፍ እንደያዘ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ጓዳቸው የት እንዳለ ሲጠየቁ ሁሉም አንድ ቃል የሚመልሱ፣ ጓዳቸው ግን እዚያ የሌለ ወጣቶች ይታዩኛል...

ጥናቱን አርሜ ጨርሻለሁ። በመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ «መልሳቸው ከገጠመ በኋላ አንድ ሰው ሄዶ የመኪናውን በር ይክፈት» የሚል ጨምሬ፣ አሽጌ ልኬለታለሁ።