ቅዳሜ ጠዋት በሶረቲ ሳሎን

ሶረቲ አምቦ በሚገኘው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ኪቦርድ ማስተማር ስትጀምር የተመዘገቡት ሁሉ ልጆች ነበሩ። ጥቅምት ላይ ግን ጡረታ የወጡት የጤና ረዳት፣ ኦቦ ቶኩማ፣ ባለቤታቸውን አዴ ጉዴን ተደግፈው መጡ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል።

«በአንድ እጅ መማር ይቻላል?» ሲሉ ጠየቋት።

ሶረቲ እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሟት አያውቅም። እምቢ ማለት ከብዷት ብቻ «እንሞክራለን» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት አይቀሩም። እሳቸው በቀኝ እጃቸው የሚወዱትን አንድ መዝሙር ዜማ ሲለቅሙ፣ የግራ እጁን ድርሻ እሷ ትጫወትላቸዋለች። አዴ ጉዴ አጠገባቸው ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ሚያዝያ ላይ ኦቦ ቶኩማ ታመው ስድስት ሳምንት ጠፉ። ሶረቲ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ከስተው ግን እየሳቁ ተመለሱ።

ሰኔ መጨረሻ ተማሪዎቹ በቤተሰቦቻቸው ፊት ተጫወቱ። የኦቦ ቶኩማ ተራ ሲደርስ ሶረቲ ልታጅባቸው ብድግ አለች። አዴ ጉዴ ግን ቀድመዋት ከባላቸው በስተግራ ተቀመጡ።

«አንቺ ዛሬ እረፊ፣ ልጄ» አሏት።

አዴ ጉዴ የግራውን ሲጫወቱ ሁለት ጊዜ ሳቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባላቸው ቆም ብለው ጠበቋቸው። መዝሙሩ ሲያልቅ ኦቦ ቶኩማ ዞር ብለው «መቼ ተማርሽ?» አሉ።

«አንተ ስትማር ጆሮዬን ደፍኜ ነበር እንዴ? ታመህ ተኝተህ ሳለህ ደግሞ ቸርች ሄጄ በእነሱ ኪቦርድ ተለማመድኩ።»

ሶረቲ ስታጨበጭብ የሚቀጥለውን ልጅ ስም መጥራት ረሳች።

መስከረም ላይ አዴ ጉዴ ብቻቸውን መጥተው ተመዘገቡ። «እሱ ቅዳሜውን ይቀጥላል፤ እኔ ደግሞ ኖታ ማንበብ ነው የምፈልገው» አሉ።