ሬና ግድግዳዋን የላጠች ሰሞን

ሬና መክፋይል ባዶ ግድግዳ አትወድም ማለት አይበቃም፤ ትፈራዋለች። ግላስጎው ከተማ ውስጥ ከእኔ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ቤቷም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራች አንዲት ክፍልና ወጥ ቤት ናት። በዚያች ጠባብ ቤት ግድግዳው ሁሉ ባለ ሥዕል ወረቀት ተለጥፎበት ያልተሞከረ ቀለም አልነበረም። ወጥ ቤቱ ቢጫ ሆኖ ሮማን ተንዠርግጎበት ነበር፤ ክፍሉ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ወፎች ሰፍረውበታል፤ ምንጣፉም ያው ባለ ጥለት ነው። «አንቺ ቤት ስገባ ወንበሩን ከግድግዳው መለየት ያቅተኛል» እላት ነበር። እሷም አታርፍም፤ ነጭ ግድግዳዬን እያነሳች «አንቺ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ነርስ እስክትጠራው ነው የሚጠብቀው» ትለኛለች።

ባሏ ዱጋልድ ሙያው የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሰው ያዘዘውን ይለጥፋል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ቤቱ ሆኖ ሬና የመረጠችውን። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ጭቅጭቃቸውም ፍቅራቸውም በወረቀት ነበር።

ከዚያ የዱጋልድ አእምሮ ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ የመሣሪያዎቹ ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ መንገዱ። በመጨረሻ ግድግዳው ራሱ ጠላት ሆነበት። ሮማኑን ሊቀጥፍ ሲታገል ያየነው ቀን ሬናም እኔም ስቀን ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ወፎቹ ግን አፈጠጡብኝ ብሎ ክፍሉ አልገባም አለ። የምንጣፉ ጥቁር አበባ ጉድጓድ እየመሰለው ሊዘለው ሲሞክር ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው የእጁ አንጓ ተሰበረ።

ሎርና የምትባል የጤና ባለሙያ መጥታ ቤቱን ዞራ አየች። ደግ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ጠላኋት። ጥለትና ሐረግ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ እንደሚያምታታው፣ ግድግዳውም ወለሉም አንድ ዓይነት ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢሆን እንደሚሻል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ደግሞ ወደ አረጋውያን መጦሪያ መሄዱ እንደማይቀር አስረዳች። ሬና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሁሉን ካነሳሁት እዚሁ እኔ ጋ ይቆያል?»

«ዕድሉ ይሰፋል፣ እትዬ ሬና።»

ሎርና ዱጋልድን ለአንድ ሳምንት ሌላ ቦታ እንዲያሳድሩት አመቻቸች፤ እኛም መላጥ ጀመርን። በሙቅ ውሃ ብናርሰው፣ በመፋቂያ ብንል፣ ወረቀቱ ወይ ፍንክች። የባለሙያ እጅ የለጠፈው ነውና የሚነሳው በጣት በጣት ነው። «ምነው እንደ ሌላው ሰው አበላሽቶ በለጠፈው» ብላ ተራገመች፤ ወዲያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ መፋቄን ቀጠልኩ።

ከሥሩ፣ ልስኑ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ አገኘን። የወረቀት ለጣፊዎች ልማድ ነው፤ ስማቸውን ማንም በማያየው ቦታ ይጽፋሉ። ዱጋልድ ግን በየግድግዳው «ሬና መረጠች፣ ዱጋልድ ለጠፈ» ብሎ ዓመቱን አስፍሯል። ይህችን ታህል እንኳ ተያት ብዬ ለመንኳት። ሎርና ያለችው አንድ ቀለም ነው አለችኝና ራሷ ብሩሹን አንስታ ቀባችው። ምንጣፉንም አነሳን፤ በአምስተኛው ቀን ቤቱ ከእኔ ቤት የባሰ ነጣ።

ዓርብ ከሰዓት ሬና ልታመጣው ሄደች። ደረጃ የማጠብ ተራው የእኔ ስለነበር ሁሉን አየሁ። የደረጃችን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ ሴራሚክ ነው፤ ከተሠራ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ዱጋልድ ሴራሚኩን በደህና እጁ እየዳሰሰ ወጣ፤ ፊቱ በራ። «ደረስን» አለ። ማንም ሳይነግረው የራሱ በር ላይ ቆመ። ሬና ከፈተች። ወደ ውስጥ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት፤ በር ተሳስቻለሁ።»

«አልተሳሳትክም የኔ ጌታ፣ ቤትህ ነው። ግባ።»

«የኔማ ቢሆን አላጣውም» አለ በትሕትና። «ባለቤቴ እንዲህ ያለ ባዶ ግድግዳ አትተውም።»

ዞሮ ወረደ። እስከ መንገድ ተከተለችው፤ እጁን ይዛ መለሰችው። ሴራሚኩን ሲያይ ደስ አለው፤ በሩ ሲከፈት ይቅርታ ጠየቀ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኼ ነው። ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ሦስት ጊዜ ወረዱ። እኔ ባልዲዬን ይዤ ዳር ከመቆም በቀር ያደረግሁት የለም። ምንስ ላድርግ? ያንን ወረቀት ከፋቁት አንዷ እኔ ነኝ።

በአራተኛው ሬና ክርክሩን ተወችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና እንደ እንግዳ ተቀበለችው።

«ይግቡ። ባለቤትዎ እስክትመጣ እዚህ አረፍ ይበሉ።»

«እንዳላስቸግርዎት?»

«ምንም አያስቸግሩኝም» አለችው።

ገብቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ይኸው ሰባት ወር ሆነው። ሻይ ስታቀርብለት ያመሰግናታል፤ ሚስቱ ምን አዘገያት እያለ ይጠይቃታል። አንድም ቀን አልወደቀም።