መጋዘን የቀሩት ሁለት ሰርቨሮች

በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን የተጨበጨበልኝ የለም። የምዕራብ ሐረርጌ መምህራን የዝውውር ማመልከቻቸውን በኢንተርኔት የሚያስገቡበትን ሲስተም ንድፍ፣ ጭሮ ላይ ለመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ ያቀረብኩ ዕለት ነው። የታሸገው ውሃ ተጠጣ፣ ቆሎው ታፈሰ፣ ደብተሮቹ ተከፍተው ባዶአቸውን ተዘጉ። ከኮሚቴው መካከል ነገሩ የገባው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ሞኙ ጭብጨባውን ለዕውቀቴ የተሰጠ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ንድፉ እኮ ልብ ላለው ሰው ቀላል ነበር። ዝውውር የሚያገኘው ቀድሞ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ምዝገባው የሚከፈት ዕለት ከሂርና እስከ ገለምሶ ያለ መምህር ሁሉ በአንድ ሰዓት ይገባል። ያን ሁሉ ሰው አንድ ሰርቨር ላይ መጫን እብደት ነው። ስለዚህ ሦስት አስገዛሁ። ሁለቱ ሥራውን ይካፈላሉ፤ ከፊታቸው ያለው ፕሮግራም እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ የመጣውን ሰው ወዳልሞላው ይልካል። ሦስተኛው የተመዘገበውን ሁሉ ወዲያው ወዲያው እየገለበጠ ያስቀምጣል፤ አንዱ ቢሞት እንኳ መዝገቡ አይጠፋም። ሰው ከበዛ ሌላ መጨመር ነው። አለቀ።

ሰርቨሮቹ መጡ። አንዱ ወጣልኝ፣ ሁለቱ መጋዘን ቀሩ።

የመጋዘን ኃላፊው ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ነበሩ። “ልጄ፣ አንዱ እየሠራ ሌላው ለምን ይወጣል? የመንግሥት ንብረት ነው። ያ ሲበላሽ መጥተህ ትወስዳለህ” አሉኝ።

“ጋሼ፣ እነዚህ አብረው ነው የሚሠሩት” አልኳቸው።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የፈረሙበት የንብረት ማውጫ ሳላመጣ ካርቶኑን እንደማያስነኩኝ ነገሩኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእሳቸው ነው።

ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። ለእሳቸው ደግሞ ሰርቨር ማለት የአይሱዙ ጎማ ነው፤ አንዱ ይዞራል፣ ትርፉ ተጭኖ ይጠብቃል። “ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም” አሉ፣ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ። “መጠባበቂያ መኖሩማ ጥሩ ነው። ሲበላሽ ወዲያው እፈርምልሃለሁ።”

“ከተበላሸ በኋላ ቢፈርሙልኝ ምን ይረባኛል? መዝገቡ አብሮ ይሄዳል እኮ” አልኳቸው። አልሰሙኝም። ለእኚህ ሰው ማስረዳት ለግድግዳ ማውራት ነው ብዬ ወጣሁ። በጽሑፍ አላመለከትኩም፣ ምዝገባው ይቆይ ብዬም አልተሟገትኩም። ንቄያቸው ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ምዝገባው በሚከፈትበት ጠዋት አንዲት መምህርት ቢሮዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የምታስተምረው ቦርደዴ ነው። ኔትወርኩ እዚያ ስለማይታመን ከዋዜማው ጭሮ መጥታ ዘመድ ቤት አድራለች። ልጇ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የቦርደዴ ሙቀት አልስማማው ብሎ ሲታመምባት ሂርና እናቷ ዘንድ ትታዋለች። “ጥርስ አብቅሏል አሉኝ። አላየሁትም” አለችኝ። ሂርና የነበረው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነው።

አሳዘነችኝ። የራሴ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኳት። ልክ ሁለት ሰዓት ሲል የመመዝገቢያውን ቁልፍ ተጫነች፤ “ተመዝግበዋል፣ ተራ ቁጥር አንድ” የሚል ወጣ። ደጋግማ አነበበችው።

“የምይዘው ወረቀት የለውም?” አለችኝ።

ሳቅሁባት። “መምህርት ሆነሽ? ወረቀት እንዲቀር እኮ ነው ይህ ሁሉ የተሠራው። የአንቺ አልቋል፣ በሰላም ሂጂ” አልኳት። አመስግናኝ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሲስተሙ ተንፏቀቀ። ገጹ አልከፈት ያለው መምህር መልሶ ይጫናል፣ ሲጫን ደግሞ ይብስበታል። በመሐል ሰርቨሩ ቀጥ አለ። አስነሳሁት፤ መዝገቡ ተበላሽቶ አልከፈት አለ። በየት በኩል ብሞክር አንድ ስም ማውጣት አልቻልኩም። ቅጂው መቀመጥ የነበረበት ሰርቨር ከነላስቲኩ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል።

ኃላፊያችን ቃላቸውን ጠበቁ፤ ወዲያው ፈረሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌውም ካርቶኖቹን በክብር አስረከቡኝ። ምዝገባው ሰኞ እንደ አዲስ ይጀመራል ተባለና ማስታወቂያ ተለጠፈ። የት? ጭሮ፣ የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ። ቦርደዴ ያለ ሰው እንዲያነበው መሆኑ ነው! የመምህርቷ ስልክ ከጠፋው መዝገብ ጋር ጠፍቷል፤ ሆኖም በሚሄድ መኪና መልእክት መላክ እችል ነበር። ሰርቨር ስተክል ሰነበትኩና ረሳኋት። ሰኞ ሦስቱ ሰርቨሮች ምንም ሳይሉ ሥራቸውን ሠሩ፤ ንድፌ ልክ ነበር።

የዝውውሩ ዝርዝር ሲወጣ የሂርናው ቦታ ለሌላ ሰው ደርሶ ነበር። መምህርቷ አቤቱታ ይዛ መጣች። ኃላፊያችን እኔን ጠሩና “መዝገቡን አይተህ መልስ ጻፍላት” አሉኝ። አየሁ። ስሟ የለም። ሲስተሙ የመጀመሪያውን ቀን መዝገብ አጥፍቷል ብዬ ብጽፍ፣ ሠሪው ማን ነው መባሉ አይቀርም። “አመልካቿ በሲስተሙ ያልተመዘገቡ መሆኑን እናረጋግጣለን” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ማኅተም ተመታበት።

ደብዳቤውን ኮሪደር ላይ ቆማ አነበበችው።

“ይህን የጻፈው ማነው?” አለችኝ።

“እኔ ነኝ” አልኳት። ቀጥዬም ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ካርቶኖቹ፣ ስለ ኃላፊያችንና ስለ ጎማው ነገርኳት፤ ምን ዓይነት ደንቆሮዎች መካከል እንደምሠራ እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነበር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“እነሱስ ሳያውቁ ነው” አለችኝ። “አንተ ግን ቁጭ ብዬ ስመዘገብ አይተሃል።”