የግራሞፎኑ በሮች

በቤቴ አንድ ሕግ አለ፤ የቁም ሳጥን በር ተከፍቶ አይተውም። የከፈተ ይዘጋል። ልጆቼ እዚሁ ሮተርዳም አድገው «አንተ» እያሉ ቢያናግሩኝም ይህን ሕግ ያከብራሉ። የማታከብረው ባለቤቴ ብቻ ናት።

አናጢነትን ያስተማረኝ ሰው የለም። ወደብ ስሠራ የተጣለ እንጨት እያመጣሁ፣ እያበላሸሁ ተማርኩ። ስለዚህ ስኬቨኒንገን የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙትን ግራሞፎን «ትጠግንልኛለህ?» ሲሉኝ ኮራሁ። «እሑድ ይዘፍናል» አልኩና ጓደኞቻችንን ሁሉ ቤቴ ጠራሁ።

ዕቃው ከሩቅ ሲያዩት ቁም ሳጥን ነው። ሻጩ እንደነገራቸው፣ የሠሩት የአንዲት ትንሽ ከተማ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ቁም ሳጥንና የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይሠሩ ነበር። እውነትም ስፈታው አንድ ምስማር የለበትም። እንጨቱ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ተቆላልፏል። ሆዱ ውስጥ ያለው፣ ድምፁ የሚወጣበት ጡሩምባ እንኳ ከስስ እንጨት የተሠራ ነው። ልጆቼን ጠርቼ ስለ ትዕግሥት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ትልቁ «ባባ፣ ላጥና» ብሎ ሄደ። ማጥናት የሚወድ ልጅ አይደለም።

የተሰነጠቀውን ጡሩምባ በኮላ አጣበቅሁ፤ ሸክላውን የሚያዞረውን ሞላ ዘይት አጠጣሁ። ከፊት ያሉትን ሁለት ትንንሽ በሮች ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ቫርኒሽ ቀባሁ።

እሑድ ሽማግሌው፣ በወጣትነታቸው አስመራ ሆነው ሲጨፍሩበት የነበረውን የአማርኛ ዘፈን ሸክላ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። መርፌውን አስቀመጥኩ። የተሰማው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያጉረመርም ሰው ዓይነት ድምፅ ነው።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጠፉ። ቆይተው ቀና አሉ።

«ሥራህስ ጥሩ ነው። ያለቀው የእኔ ጆሮ ነው። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ አላመንኳትም።»

እንግዶቹ አዘኑላቸው። ዝም ብል ክብሬ ይተርፍ ነበር። ግን ስለ እውነት ስንት ጊዜ ልጆቼን አሰልችቻለሁ።

«ጆሮዎ አይደለም፣ ጋሼ» አልኩ። «እኔም አጥርቼ አልሰማሁም። ጥገናዬ ነው የተበላሸው።»

ባለቤቴ የአቧራ ጨርቅ ይዛ ቀረበች። «እዚህ ውስጥስ ወልውለሃል?»

«በሩን ተይው። ዘግቼዋለሁ።»

ከፈተችው። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ለካ በሮቹ ድምፁን መቀነሻ ናቸው፤ እንደ ልብ እንዲሰማ የፈለገ ይከፍታቸዋል። ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው ከዘፈኑ ጋር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አሁንማ ትንሽ ዝጋው» አሉኝ እየሳቁ። «የተረፈኝን ጆሮ ልትጨርሰው ነው?»

እነዚያ ባለሙያዎች ጥበበኞች እንደነበሩ አልክድም። ቁም ሳጥን አስመስሎ ሠርቶ በሩን ክፈቱ ማለት ግን ሥርዓት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ወለል አድርጋ ከፍታው ትሄዳለች። ስቆጣ «ይዝፈን ብዬ ነው» ትላለች። ተነሥቼ እዘጋለሁ።